የፈረስ ተንከባካቢ ሆነው ሥራ ለማግኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ፈረስ ባለበት ቦታ ሁሉ የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው ጋላቢው ከመድረሱ ከብዙ ሰዓት በፊት ነው። ጋጣውን የሚጠርገው፣ ድርቆሹን የሚመዝነው፣ ሰኮናውን የሚያጸዳው፣ ኮርቻውን የሚጭነውና ማታ ፈረሱ መብላቱንና መጠጣቱን አረጋግጦ በሩን የሚዘጋው ሰው በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ግሩም» ይባላል። አጠራሩ ከእኛው «ግሩም» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ለሙያው የማይመጥን ስም አይደለም። በዚህ መመሪያ «የፈረስ ተንከባካቢ» እንለዋለን።

ከመነሻው ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ሙያ ሥራ ማግኘት ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ሥራው አድካሚ በመሆኑ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ክፍት ቦታም አይጠፋም። ከባዱ ነገር ሙያውን በአግባቡ የሚያስተምርና ደመወዝ በጊዜው የሚከፍል ቦታ ማግኘት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ሠራተኛውን የሚመርጠው ወረቀቱን አንብቦ ሳይሆን ፈረስ አጠገብ ሲቆም አይቶ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚያች ቅጽበት የሚያዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በልክ ማወቅ

አንድ ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ መካከለኛ ፈረስ 500 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። በቀን ከሰውነቱ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ስለሚያስፈልገው፣ ለእንዲህ ያለ ፈረስ በየቀኑ ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ድርቆሽ ማቅረብ ግድ ነው ማለት ነው። ውሃውም እንደ አየሩና እንደ ሥራው ከ25 እስከ 50 ሊትር ይደርሳል። አንድ ተንከባካቢ አምስት ፈረስ ቢሰጠውና እያንዳንዱ 35 ሊትር ቢጠጣ፣ የውሃ መስመር በሌለበት ጋጣ 175 ኪሎ ግራም ውሃ በባልዲ ተሸክሞ ያመላልሳል ማለት ነው፤ ይህ እንግዲህ ፋንድያ በካሪዮላ ሳይገፋ፣ ጉዝጓዝ ሳይቀየርና አንድም ፈረስ ብሩሽ ሳይነካው ነው።

ሥራው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፤ ፈረስ ሰንበትና በዓል ስለማያውቅም ዕረፍት የሚገኘው በተራ ነው። ዝናብና ብርድ ምክንያት አይሆኑም። ይህን ሁሉ አውቀው «ይሁን» የሚሉ ከሆነ ቀጣዩን ይመልከቱ፤ ፈረስ መጋለብ ስለሚወዱ ብቻ ከሆነ የመጡት ግን አስቀድመው ያስቡበት፤ ብዙ ተንከባካቢዎች ቀኑን ሙሉ ፈረስ አጠገብ እየዋሉ ኮርቻ ላይ ሳይወጡ ያመሻሉና።

ደረጃ 2፦ ዘርፍ መምረጥና የቅጥር ወቅቱን ማወቅ

የፈረስ ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። የግልቢያ ትምህርት ቤት ለጀማሪ ይመቻል፤ ፈረሶቹ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መዋል የለመዱና አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያሉ ናቸው። የሽቅድምድም ጋጣ ፈጣን፣ ሥርዓቱ ጥብቅ፣ ፈረሶቹም ወጣትና ቁጡ ናቸው፤ በብዙ አገሮች በሽቅድምድም ሜዳ ለመሥራት ከሽቅድምድም ባለሥልጣኑ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በዝላይና በመሰል ስፖርቶች የሚሠራ ተንከባካቢ ከፈረሱ ጋር ከውድድር ወደ ውድድር ይጓዛል። በፖሎ፣ ማለትም ፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ በረጅም ዱላ በሚመታበት ጨዋታ፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ብዙ ፈረስ ስለሚቀያይር፣ ተንከባካቢው በርካታ ፈረሶችን በአንድ ጊዜ ኮርቻ ጭኖና ጭራቸውን ጠቅልሎ የማቅረብ ፍጥነት ይጠየቃል።

ለአዲስ ገቢ በር ሰፊ የሆነውና ብዙ ሰው የማያስበው ዘርፍ ግን የርቢ ጣቢያ ነው። ባዝራ እርግዝናዋ 11 ወር አካባቢ ይፈጃል። የሽቅድምድም ዝርያ የሆኑ ፈረሶች የተወለዱበት ቀን የትኛውም ቢሆን ልደታቸው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በያመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን፣ በደቡቡ ደግሞ በአብዛኛው ኦገስት 1 ቀን ይቆጠራል፤ ዘግይቶ የተወለደ ውርንጭላ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር እኩል ስለሚሽቀዳደም፣ አርቢዎች ወሊዱ ከዚያች ቀን በኋላ ብዙም ሳይዘገይ እንዲሆን ይጥራሉ። በዚህ ምክንያት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያሉ ጣቢያዎች ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ለጥቂት ወራት ተጨማሪ ሠራተኛ፣ በተለይም ባዝራዎችን ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም ባዝራ በአብዛኛው የምትወልደው በሌሊት ነው። ማመልከቻዎን ከወቅቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብለው ይላኩ። ወሊዱ ከተጀመረ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ማንም ጊዜ አግኝቶ አያነበውም። ዓመት ለሞላቸው ግልገል ፈረሶች ጨረታ ዝግጅትም እንዲሁ በየዓመቱ ጊዜያዊ ቅጥር አለ፤ በአሜሪካ ኬንታኪ የኪንላንድ የሴፕቴምበር ጨረታና በእንግሊዝ ኒውማርኬት የታተርሶልስ የኦክቶበር ጨረታ ከታወቁት መካከል ናቸው።

ደረጃ 3፦ ከዜሮ ልምድ ማጠራቀም

ያለ ልምድ ሥራ አይገኝም፣ ያለ ሥራም ልምድ አይገኝም የሚለው እንቆቅልሽ በዚህ ሙያ በቀላሉ ይፈታል። በአቅራቢያዎ ወዳለ የግልቢያ ማዕከል ሄደው በሳምንት ሁለት ማለዳ ጋጣ ለመጥረግ ይጠይቁ። ከእንስሳት ሐኪም ወይም ሰኮና ከሚቆርጥና ጫማ ከሚያለብስ ባለሙያ ጋር እንደ ረዳት መዋልም እጅግ ያስተምራል፤ ሰኮና በየ4 እስከ 8 ሳምንት ስለሚስተካከል ባለሙያው ብዙ ጋጣዎችን ይዞራል፣ የትኛው ቀጣሪ ሠራተኛውን እንደሚያከብርና የትኛው እንደማያከብር ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ነፃ አገልግሎቱ ግን ገደብ ይኑረው፤ ሳምንት ሙሉ የሚሠራ ሰው ወር አልፎ ወር ሲተካ «ገና ተለማማጅ ነህ» የሚባል ከሆነ ስሙ ልምምድ አይደለም።

በዚህ ጊዜ እጅዎ ሊለምዳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የራስ ማሰሪያ ማጥለቅ፣ ፈረስ መሳብ፣ በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ማሰር፣ አራቱን ሰኮናዎች ማንሣትና ማጽዳት፣ ጋጣ መጥረግ፣ ጋማና ጭራ ማበጠር፣ ልጓምና ኮርቻ መጫንና መፍታት፣ ቆዳውንም በሳሙናና በቅባት መንከባከብ። እነዚህን ማንም ያሳይዎታል። ማንም ቁጭ ብሎ የማያስተምርዎት፣ ነገር ግን ጥሩ ተንከባካቢን ከጠራጊ የሚለየው ነገር ማየት ነው።

ማለዳ ወደ አንድ ጋጣ በር ሲቀርቡ ከመግባትዎ በፊት ቆም ይበሉ። የትናንቱ ድርቆሽ አልቋል ወይስ ግርግሙ ውስጥ እንዳለ አለ? ባልዲው ምን ያህል ጎድሏል? ጤነኛ ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ፋንድያ ይጥላል፤ ሌሊቱን የጣለው እንደ ወትሮው ነው ወይስ አንሷል? ጉዝጓዙ በአንድ በኩል ተፍቆ መሬቱ ታይቶ ከሆነ ፈረሱ ሲቆፍር አድሯል፤ በሁለቱም ጎኑና በጋማው ላይ ጭድ ተጣብቆ ከሆነ ሲንከባለል አድሯል። ወደ ጎኑ ዞሮ ሽንጡን ደጋግሞ የሚያይ፣ የላይኛ ከንፈሩን የሚገለብጥ፣ ያለ ሥራ ያላበው ፈረስ የሆድ ቁርጠት ይዞት ሊሆን ይችላል። ፈረስ ማስታወክ የማይችል እንስሳ በመሆኑ የሆድ ሕመም በእርሱ ላይ ቶሎ ለሞት የሚያደርስ ነገር ነው። ያን ጊዜ የተንከባካቢው ሥራ መኖውን ማንሣት፣ ያየውን በትክክል መመዝገብና ወዲያው ለኃላፊው መንገር ነው፤ በራሱ ሥልጣን መድኃኒት መስጠት አይደለም።

ለዚህም ሦስት ቁጥሮችን በቃልዎ ይያዙ። በዕረፍት ላይ ያለ ትልቅ ፈረስ የልብ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፣ የሰውነት ሙቀቱም ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ምቱን ከመንጋጋው አጥንት ሥር በሚያልፈው ደም ሥር ላይ ጣትዎን አሳርፈው 15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት። በቃለ መጠይቅ ላይ «ፈረስ እወዳለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የሚንከባከበውን ፈረስ የወትሮ የልብ ምት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ የምስክር ወረቀትም ከበሩ ያደርሳል እንጂ ጋጣ አይጠርግም። ይህ ሲባል ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በተለይ ከአገሩ ውጭ ለሚያመለክት፣ ማንም ለማያውቀው ሰው፣ የታወቀ ተቋም ያረጋገጠው ችሎታ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ያነሣል። በእ.ኤ.አ. 1947 የተመሠረተው የብሪታንያ የፈረስ ማኅበር የፈረስ እንክብካቤን በደረጃ እየፈተነ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በብዙ አገሮች ይታወቃል። ወደ ሽቅድምድም መግባት ለሚፈልጉ በእንግሊዝ ኒውማርኬት የሚገኘው የብሪታንያ የሽቅድምድም ትምህርት ቤትና በዶንካስተር ያለው ብሔራዊ የፈረስ ሽቅድምድም ኮሌጅ ጀማሪዎችን ያሠለጥናሉ፤ በአየርላንድ ኪልዴር የሚገኘው ብሔራዊ የርቢ ጣቢያም በርቢ ሙያ ላይ ኮርስ ይሰጣል። ከመመዝገብዎ በፊት የመግቢያ መስፈርቱን፣ የዕድሜውንና የነዋሪነቱን ጉዳይ በቀጥታ ከተቋሙ ያጣሩ። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ በእኔ ግምት የእንስሳት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናና የመንጃ ፈቃድ ከረጅም ዲፕሎማ ይልቅ ቶሎ ያስቀጥራሉ፤ የፈረስ ተጎታች መንዳት የሚችል ተንከባካቢ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ማዘጋጀትና ማድረስ

የሥራ ልምድ መግለጫዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቀጣሪው የሚፈልገው ግልጽ ነገር ነው፦ የት ሠሩ፣ ስንት ፈረስ ያዙ፣ ምን ዓይነት ፈረሶች ነበሩ፣ ድንጉላ ይዘው ያውቃሉ ወይ፣ ይጋልባሉ ወይ፣ ከጋለቡ ክብደትዎ ስንት ነው፣ መቼ መጀመር ይችላሉ። «ታታሪና ቅን ነኝ» ከሚል አንቀጽ ይልቅ «ለስምንት ወር ስድስት የትምህርት ቤት ፈረሶችን በኃላፊነት ይዣለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ የሰኮና ሕመም ስለነበረበት በየቀኑ ሰኮናውን ነክሬ እጠቀልል ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር የበለጠ ይናገራል። ስለ እርስዎ ሊመሰክሩ የሚችሉ ሁለት ሰዎችን ስልክ ይጨምሩ፤ አስቀድመውም ያስፈቅዷቸው። ፈረስ ሲስቡ፣ ሰኮና ሲያነሡና ኮርቻ ሲጭኑ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሩቅ ላለ ቀጣሪ ከማንኛውም ወረቀት ይሻላል፤ የፈረሱን ባለቤት ፈቃድ ማግኘትን ግን አይርሱ።

የማያውቁትን አውቃለሁ አይበሉ። የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ በአንድ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ የሚያጠብቅ ሰው ውሸቱ በዚያው ይገለጣል፤ የለመደ እጅ በደረጃ እያጠበቀ፣ ፈረሱን ጥቂት አስኬዶ እንደገና ያጠብቃል። በተቃራኒው «ይህን አልሠራሁም፣ ግን ከታየኝ እሠራለሁ» የሚል ሰው በዚህ ሙያ አይናቅም።

ክፍት ቦታዎች በፈረስ ሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች፣ በስፖርት ፌዴሬሽኖችና በሽቅድምድም ማኅበራት ገጾች ይወጣሉ፤ ብዙው ቅጥር ግን በሰው በሰው ነው። በአካል የሚሄዱ ከሆነ ማለዳ መኖ በሚሰጥበትና ፈረሶች ለልምምድ በሚወጡበት ሰዓት በር ላይ አይቁሙ፤ እኩለ ቀን ገደማ ጋጣው ጸጥ ሲል ይሂዱ። ለሥራ የሚሆን ልብስና ጫማ ያድርጉ፤ «አሁኑኑ መንሽ ያዝና አሳየኝ» ሊባሉ ይችላሉና።

ደረጃ 6፦ የሙከራው ቀን

እውነተኛው ቃለ መጠይቅ ይህ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች አንድ ቀን ወይም ጥቂት ቀናት ያሠራሉ፤ ሐሳባቸውን የሚወስኑት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ቀለበት፣ የአንገት ሐብልና የሚንጠለጠል ጆሮ ጌጥ አውልቀው ይሂዱ፤ ቀለበት በገመድ ወይም በብረት ተይዞ ጣት ሊያሳጣ ይችላል። ጫፉ የተጠናከረ ጫማና ጓንት ያድርጉ፤ ሄልሜት ካለዎት ይዘው ይሂዱ። የቴታነስ ክትባትዎም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ።

ፈረስ ሲሰጥዎ መጀመሪያ «ስለዚህ ፈረስ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህች ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ነጥብ ታስገኛለች። ከዚያ በሩ ላይ ሆነው ድምፅዎን ያሰሙና ፈረሱ ፊቱን እስኪያዞር ይጠብቁ። ፈረስ ዙሪያውን በሙሉ ማለት ይቻላል ቢያይም፣ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው በስተኋላ የማያይበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ በግራ ትከሻው በኩል በዝግታ ይቅረቡ። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፎ ከሆነ ወይም ቂጡን ወደ እርስዎ እያዞረ ከሆነ አይግቡ፤ ለኃላፊው ይናገሩ። ፍርሃትን መደበቅ ጀግንነት አይደለም፤ የተረገጠ ሠራተኛ ለማንም አይጠቅምም።

ሲስቡት በትከሻው ትይዩ ይሂዱ፤ የተረፈውን ገመድ እጥፍጥፍ አድርገው በመዳፍዎ ይያዙት እንጂ በእጅዎ ላይ በጭራሽ አይጠምጥሙት። የደነበረ ፈረስ 500 ኪሎ ግራሙን ይዞ ሲሮጥ የተጠመጠመው ገመድ እጅን ይዞ ይሄዳል። ሰኮና ለማንሣት ፊትዎን ወደ ጭራው አዙረው ከትከሻው ወይም ከዳሌው ጀምረው እጅዎን በእግሩ ላይ ወደ ታች ያንሸራቱ። ሲያጸዱ መፈልፈያው ከተረከዝ ወደ ጣት ይሂድ፤ በመሃል ያለችውን ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል አይውጉ። እግሩ አጠገብ ሲሠሩ ጎንበስ ይበሉ እንጂ አይንበርከኩ፣ መሬት ላይም አይቀመጡ፤ ለመሸሽ ጊዜ አይኖርዎትምና።

ጋጣ ሲጠርጉ ፍጥነት ብቻ አይታይም። ንጹሑን ጉዝጓዝ ለይቶ ማስቀረት፣ የረጠበውን እስከ ወለሉ ማውጣት፣ መተላለፊያውን ጠርጎ መንሽና አካፋውን ወደ ቦታቸው መመለስ ይታያል። መሬት ላይ ጣቱ ወደ ላይ ሆኖ የተተወ መንሽ ብቻውን ሥራ ሊያሳጣ ይችላል።

በውድድር ጋጣዎች ሌላም ጥንቃቄ አለ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንና በቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን በውድድር ፈረስ ደም ውስጥ እንዲገኙ ከማይፈቀዱ ንጥረ ነገሮች መካከል ናቸው። ስለዚህ ኩባያዎን ጋጣ በር ላይ አያስቀምጡ፣ ፈረሱን ከእጅዎ አያብሉ፣ የራስዎን መድኃኒት ከነካ እጅ ጋር ወደ ግርግሙ አይሂዱ፣ ጋጣ ውስጥም በፍጹም ሽንት አይሽኑ። በእ.ኤ.አ. 1921 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ስለዚህ ዓይነቱ ንክኪ አዘውትሮ ያስጠነቅቃል፤ በተንከባካቢ ቸልተኝነት የመጣ ውጤት ጋላቢውን ከውድድር ሊያሳግድ ይችላል። ስልክዎንም ኪስዎ ውስጥ ይተዉት፤ ያለ ፈቃድ የፈረስ ፎቶ መለጠፍ በብዙ ቤት የሚያባርር ጥፋት ነው።

ቀኑ ሲያልቅ ያዩትን አንድ ነገር ይንገሩ፦ «ሦስተኛው ጋጣ ያለው ፈረስ ውሃውን ብዙም አልነካም» የምትል አጭር ወሬ ትበቃለች። ቀጣሪው የሚገዛው ዓይንዎን ነውና።

ደረጃ 7፦ ውሉን ማንበብና ከማጭበርበር መጠበቅ

የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የደመወዝ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የትርፍ ሰዓት፣ የአደጋ መድን፣ እንዲሁም የመኖሪያ ቤት ካለ ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። በዚህ ሙያ መኖሪያ ከሥራው ጋር ብዙ ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ሥራው የተቋረጠ ዕለት ቤቱም ይሄዳል፤ ከመልቀቂያው በፊት ስንት ቀን እንደሚሰጥዎ ሳያውቁ አይፈርሙ። መኝታ ክፍሉንም በዓይንዎ ወይም በቪዲዮ ይዩት። ፈረሶቹ በንጹሕ ጋጣ፣ ሠራተኞቹ በሚያንጠባጥብ ክፍል የሚያድሩበት ቤት አይጠፋም።

ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። በእ.ኤ.አ. 1997 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል አሠሪና ሠራተኛ አገናኞች በመርሕ ደረጃ ከሠራተኛው ምንም ክፍያ እንዳይወስዱ ይደነግጋል። ስለዚህ «ለምዝገባ»፣ «ለቪዛ ማፋጠኛ»፣ «ለፈረስ መድን» እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥምዎ ይራቁ። ቀጣሪው በእርግጥ ያለ መሆኑን በሽቅድምድም ባለሥልጣኑ ወይም በስፖርት ፌዴሬሽኑ የምዝገባ ዝርዝር ያጣሩ፤ ቀድሞ የሠራበትን ሰው አግኝተው ያነጋግሩ፤ ፓስፖርትዎን ለማንም «ለአደራ» አይስጡ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከተቀጠሩ በኋላ ወደ ላይ የሚወስዱ መንገዶች ብዙ ናቸው፦ ከፈረስ ጋር ተጓዥ ተንከባካቢ፣ የጋጣ ኃላፊ፣ ረዳት አሠልጣኝ፣ የርቢ ጣቢያ ኃላፊ። ዝናው ለጋላቢው ቢሄድም አንዳንዴ ተንከባካቢም ይታወሳል። በእ.ኤ.አ. 1973 የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው፣ የመጨረሻውንም በ31 የፈረስ ርዝመት ልዩነት የጨረሰው ሴክሬታሪያት የተባለ ፈረስ ተንከባካቢው ኤዲ ስዌት ይባል ነበር። በኬንታኪ የፈረስ ፓርክ በቆመው ሐውልት ላይ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ የሚመራው እርሱ ነው።

ለጊዜው ግን አንዲት ትንሽ ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ይስጡ፤ የወትሮ የልብ ምቱን፣ የሚበላውን መጠን፣ ሰኮናው የተስተካከለበትን ቀን፣ የሚያስደነብረውን ነገር ይጻፉበት። መኖ ሲቀየር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መሆን ስላለበት፣ በየትኛው ቀን ምን ያህል እንደቀየሩም እዚያው ያስፍሩ። ኃላፊው በሌለበት ሐኪም መጥቶ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ገጹን ገልጠው ቀኑን ይነግሩታል።